ሰማይ የምታየው ተሳቢ

ባለቤቴ ተድላ ሲያርፍ ሁለት ነገር ትቶልኝ ሄደ። አንደኛዋ የግቢያችንን ግማሽ የምትይዝ ግዙፍ የመስክ መኪና ናት። ሁለተኛዋ ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ስትሆን፣ ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ ካለው የእድራችን መጋዘን ደጃፍ ቆማ የሰፈሩ ዶሮዎች ያድሩባት ነበር። የሌሎች ሴቶች ባሎች ወርቅ ትተው ይሞታሉ፤ የእኔው ብረታ ብረት ትቶ ሞተ። እንዲህ ስል እያማሁት እንዳይመስላችሁ፤ በሕይወት እያለም ፊት ለፊት እለው ነበር።

ተድላ ዕድሜውን የፈጀው በውሃ ጉድጓድ ቁፋሮ ሥራ ነው፤ በየበረሃው ከመኪና ኋላ ዕቃ ሲጎትት ኖሯል። ጡረታ ሲወጣ የሚጎትተው ነገር አጣና እቤት ውስጥ ይቁነጠነጥ ጀመር። እድራችን ለድንኳን ማመላለሻ የጭነት መኪና ፍለጋ ሲንከራተት ሲያይ ጊዜ፣ "ተሳቢ እናሠራ፣ እኔ እጎትትላችኋለሁ" አለ። ገሚሱ ሳቀበት፣ ገሚሱ አጨበጨበለት፣ ተሳቢዋ ተሠራች። ቀለሟ በቅጡ ሳይደርቅ እሱ ታመመ። አንድም ቀን ጭነት ሳይጎትትባት ሞተ፤ ይህ ነገር ከሁሉም በላይ ያንገበግበኝ ነበር።

የተድላ ታናሽ ወንድም ደረጀ ቤቴል ነው የሚኖረው። ደግ ሰው ነው፤ ችግሩ ደግነቱ ፍሬን የለውም። ልጅ ስላልወለድን ብቻዬን መቅረቴ እንቅልፍ ነሳውና እኔን ሳያማክር ሁሉን ነገር አሰናዳ። መጀመሪያ መኪናዋ ትሸጣለች፤ ቀጥሎ ቤቱ ይከራያል፤ እኔ ደግሞ ቤቴል ገብቼ ከግቢው ጀርባ ባለችው ሰርቪስ ክፍል እኖራለሁ። ክፍሏን ቀለም አስቀብቶ መጋረጃ ሳይቀር ሰቅሎላታል። እኔ ያኔ ሐምሳን ያለፍኩ፣ ከል የለበስኩ፣ ሰው ነይ ሲለኝ የምመጣ፣ ተቀመጪ ሲለኝ የምቀመጥ ሴት ነበርኩ። የጨርቃ ጨርቅ ሱቄን ዘግቻለሁ። ገዢው እሑድ ጠዋት መኪናዋን ሊያይ እንደሚመጣ ሲነገረኝ ግን ወጥቼ መኪናዋን ዞሬ አየኋት። መኪናዋ ከወጣች ቤቴም ተከትሎ እንደሚወጣ፣ እኔም ከቤቴ ጋር እንደምወጣ ገባኝ።

ቀኑ ቅዳሜ፣ ወሩ ጥር ነው። ደረጀ መኪናዋን አሳጥቦ፣ እኔ እየነዳሁ እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ስንመለስ፣ የእድሩ መጋዘን በር ላይ ሰው ተሰብስቦ ይጯጯሃል። ልጃቸውን የሚድሩት አቶ ሽፈራው ስልኩን ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው እያዛወሩ ይማጸናሉ። የእድሩ ንብረት ክፍል ኃላፊ ጋሽ ወልዴ ደግሞ ባርኔጣቸውን አውልቀው ራሳቸውን እያከኩ ነው።

"ምን ሆናችሁ ጋሽ ወልዴ?" አልኩ በመስኮት።

"የጭነት መኪናው ከዳን! ሌላ ሰርግ አፍኖ ወሰደው። በጥር ደግሞ ሌላ ከየት ይገኛል? የሽፈራው ልጅ ነገ ቀራንዮ ትዳራለች፣ ድንኳኑ እዚህ ቁጭ ብሏል።"

አቶ ሽፈራው ስልኩን ዘግተው፣ "እንግዳዬን ፀሐይ ላይ ላስቀምጠው ነው?" አሉና ድምፃቸው ተሰበረ።

አፌ ከእኔ ሳይማከር ተናገረ። "ተሳቢዋ አለች አይደል? እኔ እጎትታለሁ።"

ሰዉ ሁሉ አፍጥጦ አየኝ። ዶሮዎቹ እንኳ ያፈጠጡ መሰለኝ። ደረጀ ወደ እኔ ዞሮ በቀስታ፣ "እትዬ፣ ነገ ሰውዬው ይመጣል እኮ። ብትጋጭስ? ብትቧጨርስ?" አለኝ።

"ከተቧጨረች የተቧጨረች መኪና ይገዛል።"

ደረጀ እንዲህ ስናገር ከሰማኝ ዓመት ሊሆነው ነው። ክርክሩን ተወና ዶሮ ሊያባርር ወረደ።

አሁን ስለ ጋሽ ወልዴ ልንገራችሁ። የእድር ዕቃ አጫጫን እሳቸው ዘንድ ከዳዊት ድጋም አይተናነስም። ሕጉ አንድ ነው፤ ድንኳን ከሁሉ ቀድሞ ስለሚተከል ከሁሉ ቀድሞ መውረድ አለበት፣ ቀድሞ እንዲወርድ ደግሞ መጨረሻ ላይ፣ ከበሩ አፍ ይጫናል። ብረት ድስቱ፣ ሳህኑና ብርጭቆው መጨረሻ ስለሚፈለጉ ከፊት፣ ወንበሩ ከመሐል። በዚህ ሥርዓት ስንት ለቅሶና ስንት ሰርግ አሳልፈዋል። ማንም ምንም አላለም፣ እኔም አላልኩም። ባዶዋን ተሳቢ ከመኪናዋ ኋላ ካለችው የብረት ኳስ ጋር አያያዝናት፣ የመብራቱን ገመድ ሰካን፣ ሰንሰለቱን አጠላልፈን አሠርን። ከዚያ በሥርዓቱ ተጫነ። የድንኳኑ ሸራና የብረት ምሰሶዎቹ ሁሉ ጭራዋ ላይ ተቆለሉ።

ጭነው ሲጨርሱ ተሳቢዋ ውሃ እንደምትጠጣ ዶሮ አንገቷን ወደ ሰማይ አንጋጠጠች። የመኪናዋም ኋላ ከፍ አለ።

"አያችሁ!" አሉ ጋሽ ወልዴ በደስታ። "መኪናዋን ጨርሶ አልከበዳትም። እንዲያውም ተሸክማ ታነሣታለች!"

ሁላችንም ተደሰትን። ተሳቢ መኪናን ሲያነሣ ደስ ያለው ሰፈር ቢኖር የእኛ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ጋሽ ወልዴ ከፊት ተቀመጡ፣ ደረጀ ከኋላ። አቶ ሽፈራው ምሰሶ ተካዮቹን ይዘው በታክሲ ቀደሙን። አስፋልቱ ሜዳ እስከሆነ ድረስ ሁሉ ሰላም ነበር። በመስታወት ኋላዬን እያየሁ፣ ተድላ ይህን ቢያይ እያልኩ በልቤ እኩራራለሁ። አንድ የታክሲ ረዳት ጎናችን ሲደርስ በመስኮት ወጥቶ፣ "ማዘር! ከኋላሽ ያለው ሊበር ነው!" ብሎኝ አለፈ። ያደነቀኝ መስሎኝ እጄን አውለበለብኩለት።

ወደ ቀራንዮ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ስንደርስ መኪናዋ ወገቧን አንድ ጊዜ ነቅነቅ አደረገች። ከዚያ ደገመች። በመስታወት ሳይ ተሳቢዋ እስክስታ ጀምራለች፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ደግሞ ወደ ግራ፤ በወረድን ቁጥር ይብስባታል። ሳህኖቹ ይንጫጫሉ። መሪው እጄ ውስጥ ቀለለ፤ መኪናዋን የሚነዳት ከኋላ ያለው እንጂ እኔ አይደለሁም።

"ፍሬን! እትዬ ፍሬን ያዢ!" ይላል ደረጀ።

"ኧረ አትያዢ! ነዳጅ ስጫት፣ ስትጎተት ትቃናለች!" ይላሉ ጋሽ ወልዴ። ወዲያው ደግሞ፣ "መድኃኔዓለም! ቀራንዮ መድኃኔዓለም!" ማለት ጀመሩ።

እውነቱን ልንገራችሁ? የሁለቱንም አልሰማሁም። ፈራሁ። እግሬን ከነዳጁ ላይ አንሥቼ፣ መሪውን ቀጥ አድርጌ ይዤ፣ ዓይኔን አፍጥጬ ቀረሁ። ተሳቢዋ ወዲህ ስትል ወዲያ ልመልሳት እንኳ አልሞከርኩም። መኪናዋ በራሷ ፍጥነቷን ቀነሰች፣ ተሳቢዋም ቀስ በቀስ ጭፈራዋን ተወች፣ ቁልቁለቱም አለቀ። ፍሬን ብይዝ ወይም ነዳጅ ብሰጥ ኖሮ ታጥፈን እንገለበጥ እንደነበር በኋላ ነው የተረዳሁት። ፈሪ መሆን እንደዚያ ቀን ጠቅሞኝ አያውቅም።

መንገድ ዳር ያለ አንድ ጎሚስታ ቤት ደጃፍ ሰፊና ደልዳላ ቦታ አየሁና ገብቼ አቆምኩ። ሦስታችንም ወረድን። ከዚያ ደረጀ ወገቤን እንደ በሽተኛ ደገፍ አድርጎ፣ "እትዬ፣ በቃ። ሞክረሻል። ተሳቢዋን እዚሁ እንፍታት፣ ጋሪ ፈልገን ዕቃውን እናመላልሳለን። አንቺ መኪናዋን ይዘሽ ቀስ ብለሽ ወደ ቤት ግቢ" አለኝ።

ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። በዓይነ ሕሊናዬ ያቺ አዲስ መጋረጃ የተሰቀለባት ክፍል መጣችብኝ። "ፍቷት" አልኩ።

ደረጀ ጎማዋ ስር ድንጋይ ታኮ አደረገ፣ ሰንሰለቱን ፈታ። ጋሽ ወልዴ "እንዳትወድቅ እኔ እይዛታለሁ" ብለው ከኳሷ ጋር የሚያያዘውን የተሳቢዋን አንገት አቀፉ። ደረጀ መቆለፊያውን ከፈተ።

አንገቷ ልትወድቅ አይደለም፤ ተፈናጠረች! ጭራዋ መሬት ላይ ዘጭ ብላ ቁጭ አለች፣ አንገቷ ሽቅብ ወጣች፣ ጋሽ ወልዴም አብረው ወጡ። በእግራቸው ጣት ጫፍ ቆመው፣ ባርኔጣቸው ጆሯቸው ላይ ተንጋዶ፣ ብረቱን አቅፈው "አውርዱኝ! አውርዱኝ!" ይላሉ። ጎሚስታው ሥራውን ትቶ ወጣ። እኔ ደግሞ ልረዳቸው ሲገባኝ ሳቄ መጣ። ተድላ ከሞተ ወዲህ ሆዴን ይዤ ስስቅ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ስስቅ ግን አንድ ነገር ታየኝ። ታናናሾቼን በአንቀልባ አዝዬ ያደግሁ ሰው ነኝ። ሕፃን ከትከሻሽ ተጠግቶ ከታዘለ ቀኑን ሙሉ ብትሄጂ አይታወቅሽም፤ ወርዶ ወደ ኋላ ከተንጠለጠለ ግን ወገብሽን ይዞ ሲያንገላታሽ ይውላል። የእኛም ጭነት ጭራ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚያወዛውዘን።

"ጋሽ ወልዴ፣ ድንኳኑ ወደ ፊት መሄድ አለበት" አልኩ፣ እሳቸውን እያወረድን።

"ምን አልሽ?" አሉ ገና ልባቸው ሳይመለስ። "ድንኳን ከፊት? ሰርግ ቤት ደርሼ ብረት ድስት ላወርድ? ሰው ምን ይለኛል? ድንኳን መቅደም አለበት!"

"የእርስዎ ሥርዓት ለጭነት መኪና ነው። ይህቺ ባለ ሁለት ጎማ ናት፤ ከጎማዋ ፊት ያለው ካልከበደ አንገቷን አትደፋም።"

"እኔ በዚህ ሥራ አርጅቻለሁ!"

"እኔም እዚህ ጋር ዛሬ ላረጅ ነበር። በጎኗ እናውርደው። የጎን መዝጊያዋ ይከፈታል፣ ድንኳኑ ከፊትም ሆኖ ቀድሞ ይወርዳል።"

ጋሽ ወልዴ የጎን መዝጊያዋን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ደግመው ከፈቱ። "ቀድሞ ከወረደ... እሱ ሌላ ነገር ነው" አሉና ካፖርታቸውን አወለቁ።

ዕቃውን እንዳለ መንገድ ዳር ማራገፍ ጀመርን። አንባቢዎቼ ሆይ፣ የእድር ወንበር በዚህ ከተማ መንገድ ዳር ሲደረደር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። እኛ ግን በድካም ረስተነዋል። አንድ ሽማግሌ መጥተው ባርኔጣቸውን አወለቁና ተቀመጡ። ሁለት ሰዎች ተከተሏቸው። ከቤተ ክርስቲያን የምትመለስ፣ የጠበል ፕላስቲክ ጠርሙስ የያዘች ሴትዮ ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። ከሌን አይታለች።

"እግዜር ያጽናሽ እኅቴ። ማን ነው የሞተብሽ?"

"ባሌ" አልኩ ሳላስበው።

"ውይ! መቼ?"

"አምና።"

ሴትዮዋ ወንበሩን አየች፣ ብረት ድስቱን አየች፣ ደረጀን አየች። "አምና ሞቶ ዛሬ ነው ድንኳን የምትተክሉት?"

ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጡ። ነገሩን ሁሉ ነገርኳት፤ ተሳቢዋ የእሱ ሐሳብ እንደነበረች፣ ሳይጎትታት እንደሞተ፣ ነገ መኪናዋ እንደምትሸጥ፣ ድንኳኑ የሰርግ እንደሆነ። ከማንም ጋር ያላወራሁትን ከማላውቃት ሴት ጋር መንገድ ዳር አወራሁት። ቀና ስል ደረጀ ምሰሶ ተሸክሞ ቆሞ ይሰማኛል። ከዚያ ምሰሶውን ይዞ ሄደ።

ለቅሶ ሊደርሱ የተቀመጡት ሰዎች ሰርግ መሆኑን ሲሰሙ ተሳሳቁና ለጭነቱ ተነሡ። የተሳቢዋን አንገት አስደፍተን ከመኪናዋ ጋር መልሰን አያያዝን። ሸራውና ምሰሶዎቹ ከጎማው ፊት ገቡ፣ ወንበሮቹ ከመሐል፣ ሳህኑና ቀላል ቀላሉ ከኋላ። በገመድ ጠፍረን አሠርነው። ተሳቢዋ ወረድ አለች፤ ግን አሁንም ትንሽ ታንጋጥጣለች።

"ኳሷ ከፍ ብላለች" አልኩ። ኳሷን የተሸከመው ብረት ቆልማማ ነው፤ ጉብታው ወደ ላይ ሆኖ ተገጥሟል። "ይህን ማን ነው እንዲህ የገጠመው?"

ደረጀ ጉሮሮውን ጠረገ። "እኔ ነኝ። ተድላ ታሞ ተኝቶ 'ግጠምልኝ' አለኝ። ከፍ ሲል የሚያምር መስሎኝ..."

"ገልብጠው።"

ተሳቢዋን ደግመን አላቀቅን፤ አሁን አንገቷ እንደ ጨዋ ልጅ ዝቅ ብላ ወረደች፣ ማንንም ወደ ሰማይ አልወሰደችም። ደረጀ ከጎሚስታው ትልቅ የብሎን መፍቻ ተውሶ፣ ንጹሕ ሸሚዙ ቅባት በቅባት እስኪሆን ታገለና ብረቱን ገልብጦ ኳሷን ከላይ መልሶ አሰረ። እንደገና ስናያይዛት ጋሽ ወልዴ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ "ልክ ናት" አሉ። ደረጀ አሁንም ታንጋጥጣለች አለ። ሊጣሉ ሆነ። ሴትዮዋ መሐላቸው ገብታ ጠበሉ እስከ ግማሽ የሆነውን ጠርሙስ የተሳቢዋ ጠርዝ ላይ በርዝመቱ አጋደመችው። ሁላችንም ጎንበስ ብለን ውሃውን አየን። ወደ ፊትም ወደ ኋላም አላደላም።

"ጠበል ከመሰከረ እኔ ማን ነኝ" አሉ ጋሽ ወልዴ።

የቀረውን መንገድ በሁለተኛ ማርሽ፣ ከፊቴ ካለው መኪና ርቄ፣ ፍሬኔን ቀስ እያልኩ ነካ እያደረግሁ ወረድኩት። ተሳቢዋ ከኋላዬ መኖሯን እንኳ በመስታወት ካላየሁ አላስታውስም። ቀራንዮ ስንደርስ አቶ ሽፈራው ሮጠው መጥተው የመኪናዋን አፍንጫ ሳሙት። የጎን መዝጊያው ተከፈተ፣ ድንኳኑ ቀድሞ ወረደ፣ የጋሽ ወልዴም ክብር ተረፈ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ድንኳኑ ቆመ።

እሑድ ጠዋት፣ ተሳቢዋ ከመኪናዋ ሳትፈታ አድራ፣ ገዢው መጣ። ትሑት፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰው ነው። መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አየና ወደዳት። "ተሳቢዋን ፍቱልኝና እስቲ ትንሽ ልንዳት" አለ። ደረጀ ወደ ተሳቢዋ ሲራመድ፣ "አትፈታም" አልኩ።

"እትዬ?"

"ነገ ድንኳኑን የምመልሰው እኔ ነኝ።"

"እሱማ ነገ ነው፣ ከዚያ በኋላ..."

"ከዚያ በኋላም እኔው ነኝ ደሬ። መኪናዋ አትሸጥም። ከቤቴም አልወጣም።"

ደረጀ መሬት መሬት አየ። ጥፍሩ ውስጥ የትናንቱ ቅባት አሁንም አለ። "ክፍሏን ቀለም አስቀባሁልሽ እኮ" አለ፣ ልቡ እንደተነካ ልጅ።

"አውቃለሁ። በዓል በዓል እየመጣሁ አድርባታለሁ። አንተ ግን ለእኔ አታስብ አላልኩህም፤ ስታስብልኝ ጠይቀኝ ነው ያልኩህ።"

ይህን ከዚያ በፊት ብዬው አላውቅም ነበር። እሱ ግን እንዳልኩት ያህል ራሱን ነቀነቀና ወደ ሰውዬው ዞረ። "ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝ፤ መኪናዋ ሥራ ላይ ናት" አለው።

እንግዲህ ውድ አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ የእድራችን ጎታች እኔ ነኝ። ሱቄንም መልሼ ከፍቻለሁ። የተማርኩትን ለምትጎትቱ ሁሉ ላካፍላችሁ፤ ከባዱ ከጎማው ፊት ይሁን፣ ተሳቢው ወደ ሰማይም ወደ መሬትም አይመልከት፣ ሰንሰለቱን ሳታጠላልፉ አትነሡ፣ ቢወዛወዝባችሁ እግራችሁን ከነዳጅ አንሡና መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ታገሡ። ግራና ቀኝ የሚጮህባችሁን ሰው አትስሙ፤ የሚጮኸው ስለሚወዳችሁ ቢሆንም እንኳ። ዛሬ ይህን ሁሉ ለአዲስ አባላት የሚያስተምሩት ጋሽ ወልዴ ናቸው፤ ማን እንደነገራቸው ግን ረስተዋል። እኔም አንሥቼባቸው አላውቅም።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ድንኳን የምወስደው ለሰርግ ብቻ አይደለም። ለቅሶ ቤት ስደርስ ብዙ ጊዜ አንዲት ሴት ጥግ ይዛ ተቀምጣ አገኛለሁ፤ ዘመዶቿ ከበዋት ስለ ቤቱ፣ ስለ ዕቃው፣ ከማን ጋር እንደምትኖር ይመካከራሉ። ደጎች ናቸው፣ ክፋት የላቸውም። ድንኳኑ ወርዶ እስኪያልቅ ጠብቄ አጠገቧ እቀመጣለሁ፣ እጇን እይዛለሁ፣ ጆሮዋ ስር ሆኜ "የቤትሽን ቁልፍ ለማንም እንዳትሰጪ" እላታለሁ። ከዚያ ተነሥቼ ወንበሮቹን አወርዳለሁ።